«እውነት ነው?» ሲለኝ «ክልክል ነው» አልኩት

ጥያቄው የመጣው በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ነው። ከመንዝ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ወጣት የእናቱን የሞርፊን ማዘዣ አቀበለኝ። ከኋላው የተሰለፈው ሰው እንዳይሰማው አንገቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋና እጁን ከፈተ። መዳፉ ላይ አውራ ጣት የምታህል ባለ መንጠቢያ ብልቃጥ አለች፤ ውስጧ እንደ ኑግ ዘይት የጠቆረ ነገር። «ዶክተር፣ የእጸ ፋርስ ዘይት ነው አሉኝ። ምግብ ያስበላል ይላሉ። እውነት ነው?» ካናቢስ ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ አላረምኩትም። «ወንድሜ፣ ይሄ በሕግ ክልክል ነው» አልኩት። ብልቃጧን ጨበጣት፣ ሞርፊኑን ተቀበለ፣ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ሄደ።

መልሴ ስህተት አልነበረም፤ የሌላ ጥያቄ መልስ ነበር እንጂ። ልጁ ስለ አንቀጽ ቁጥር አልጠየቀኝም። እናቱ እህል ከቀመሰች ሰንብታለች። ማታ ማዘዣዎቹን መዝገብ ላይ ሳሰፍር ወረቀቷን እንደገና አነበብኩት፦ የጨጓራ ካንሰር፣ የሚጠጣ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ። ሌላ ምንም የለም። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፣ ሆዱ የደረቀ ሰው ደግሞ ምግብ አያምረውም። የድርቀት መድኃኒት አብሮ መታዘዝ ነበረበት፤ ሐኪሙም ዘለለው፣ እኔም ሳላየው አለፍኩ። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ሰልፉን ትቼ፣ ልጁን ወንበር ሰጥቼው ልነግረው ይገባኝ የነበረውን ነው።

ክልክል ነው፤ እሺ፣ ግን እውነት ነው?

የሕጉን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 እንዲህ ያለውን ዕፅ ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል፤ ከመንደር ሰው እጅ የተገዛ ብልቃጥ ደግሞ ምን ፈቃድ ይኖረዋል። ግን በዚያው መስኮት፣ በዚያው ደቂቃ ለልጁ ያቀበልኩት ሞርፊንም አደንዛዥ ነው። በ1961 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ሁለቱም አንደኛው ሰንጠረዥ ላይ ተጽፈዋል። ካናቢስ ከዚያ በተጨማሪ እጅግ አደገኛ የሚባሉት በሚመዘገቡበት አራተኛው ሰንጠረዥ ላይም ነበረ። በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ቪየና ላይ በ27 ለ25 ድምፅ ከአራተኛው ወጣ፤ አንደኛው ላይ ግን ቀረ። ስለዚህ አንድ ነገር «አደንዛዥ ነው» መባሉ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም ማለት አይደለም። ሞርፊን በልዩ ማዘዣ፣ በሚሊግራም ተለክቶ፣ ተመዝግቦ ይሰጣል። የልጁ ብልቃጥ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም።

እውነቱስ? ግማሹ እውነት ነው። ተክሉ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ረሃብንና ጥጋብን የሚመሩ ሴሎች ላይ ያሉትን ተቀባዮች ይነካል፤ ሽታና ጣዕምም ያጎላል፣ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል። ድሮናቢኖል የሚባለው በፋብሪካ የሚሠራ ቲኤችሲ አሜሪካ ውስጥ በ1985 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በኬሞቴራፒ ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ትውከት፣ በ1992 ደግሞ ኤድስ ይዟቸው ለከሱና ምግብ ለዘጋቸው ሰዎች ተፈቅዷል። እንክብሉ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ የተሟሟው በምን እንደሆነ ስሰማ ፈገግ ብያለሁ፤ በሰሊጥ ዘይት ነው። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው እንዳይወስደው መመሪያው ላይ የተጻፈውም ለዚህ ነው። የተለመደው መጠን 2.5 ሚሊግራም ከምሳ አንድ ሰዓት በፊት፣ 2.5 ሚሊግራም ከእራት አንድ ሰዓት በፊት ነው። ለአረጋውያን በቀን አንዴ፣ ከእራት በፊት ወይም ሲተኙ ይጀመራል። ጣሪያው በቀን 20 ሚሊግራም ነው። እኛ መደርደሪያ ላይ ይህ እንክብል የለም።

በ1995 ታትሞ የወጣው የኤድስ ታማሚዎች ጥናት ላይ ድሮናቢኖል የወሰዱት የምግብ ፍላጎታቸው በአማካይ 38 በመቶ ሲጨምር መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል የወሰዱት 8 በመቶ ጨመረ። ሚዛኑ ግን ያን ያህል አልተነቃነቀም፤ የወሰዱት ባሉበት ቆሙ፣ ያልወሰዱት 0.4 ኪሎ ቀነሱ። የካንሰሩ ዜና ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ2002 በወጣው፣ 469 የገፋ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ሜጀስትሮል የተባለው ሆርሞን 75 በመቶ ለሚሆኑት ፍላጎት ሲከፍት ድሮናቢኖል ለ49 በመቶው ነው የከፈተው። ክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የጨመሩት ደግሞ 11 በመቶ ለ3 በመቶ ነበሩ። በ2006 በታተመው፣ 243 ሰዎች በገቡበት ሌላ ጥናት የተክሉ ጭማቂም ንጹህ ቲኤችሲም ከባዶ እንክብል ሳይለዩ ቀርተው ጥናቱ ሳያልቅ ተቋረጠ።

እነዚህን ቁጥሮች ሳይ የሚገባኝ ነገር ቢኖር ፍላጎትና ሥጋ ለየቅል መሆናቸው ነው። ጤነኛ ሰው ተርቦ ቢከሳ እህል ሲያገኝ ይመለሳል፤ ክረምቱን የከሳ በሬ በጥቅምት ሣር እንደሚመለሰው። የካንሰር ክሳት እንዲህ አይደለም። ዕጢውና ሰውነቱ የሚያመነጯቸው የብግነት (የመቆጣት) ኬሚካሎች ጡንቻን ከውስጥ ያፈርሱታል፤ ሰውዬው ቢበላም ማፍረሱ አይቆምም። ሐኪሞች ካኬክሲያ የሚሉት ይህንን ነው፤ መለያው በ6 ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ ክብደት መቀነስ ነው። 50 ኪሎ የነበረች እናት ሳትፈልገው ከ47.5 ኪሎ በታች ከወረደች እዚያ ውስጥ ገብታለች። እጸ ፋርስ አፍን ቢከፍት እንኳ ይህን መፍረስ አያስቆምም። ሥጋ ከእሱ መጠበቅ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ጠብታዋ ውስጥ ስንት አለ?

ልጁ ብልቃጧን መንዝ ይዟት ከገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ላስላው። አንድ ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ይሆናል። ዘይቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ቲኤችሲ ካለው አንዷ ጠብታ 2.5 ሚሊግራም ናት፤ ልክ እንደ እንክብሉ። 5 ሚሊግራም ብቻ ካለው ጠብታዋ ከንቱ ናት። 400 ካለው ደግሞ አንዷ ጠብታ 20 ሚሊግራም፣ የአንድ ቀን ጣሪያ ሙሉውን ናት። ሦስቱም ብልቃጥ ሲታይ ያው ጥቁር ዘይት ነው። የሻጩ ቃል ሚዛን አይሆንም።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዓቱ ነው። በአፍ የተዋጠ ቲኤችሲ መሥራት የሚጀምረው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው፤ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። አስታማሚ ጠብታውን ሰጥቶ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፤ እናት አልበላችም፤ ይደግማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሁለቱም አንድ ላይ ሲነሡ ሴትዮዋ ትፈራለች፣ ልቧ ይመታል፣ የሌለ ሰው ታያለች፤ ቤተሰቡም ጸበል ወደ መፈለጉ ይሄዳል። ቅቤ ከበዛበት ምግብ ጋር ከተሰጠ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው መጠን እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል፣ ሰዓቱም ይዘገያል። ትናንት ያልሠራው ያው ጠብታ ዛሬ ያሳብዳል።

ሦስተኛው መውደቅ ነው። ቲኤችሲ ከተቀመጡበት ሲነሡ የደም ግፊትን ያወርዳል፤ ሞርፊን ሲደረብበት እንቅልፉ ይከብዳል። ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ፣ ደጃፉ ድንጋይ። የከሳች እናት በሌሊት ተነሥታ ስትወድቅ ዳሌዋ ቢሰበር ከዚያ ወዲያ የምግቡን ወሬ የሚያነሣ የለም።

አጭሶስ? ሳንባው የታመመና መከላከያው የደከመ ሰው ላይ ጭስ መጨመር ነው፤ ቅጠሉ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ራሱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሳንባ በሽታ ይሆናል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ደግሞ ሪፋምፒሲን ቲኤችሲውን በጉበት በኩል ቶሎ ያስወግደዋል፤ «አልሠራልኝም» ብሎ መጠን መጨመር ይመጣል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ድንገት ምግብ ከዘጋው፣ ካቅለሸለሸው፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ጉበቱ በመድኃኒቱ ተጎድቶ ይሆናል የሚል ነው። ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ሳይጠቁር በፊት የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ይኸው የምግብ መዘጋት ነው። ማቅለሽለሹን በጠብታ ዝም ማሰኘት የሚጮኸውን ውሻ አስሮ ሌባውን እንደማስገባት ነው። መድኃኒቱን ይዞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው የሚሻለው።

ልጠይቀው የሚገባኝ

«እናትህ ሆዷ ከወጣ ስንት ቀን ሆናት?» ይህን ብጠይቀው ኖሮ ምናልባት ሌላው ሁሉ አያስፈልገንም ነበር። ሞርፊን ለሚወስድ ሰው ድርቀቱ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ቢሳኮዲል 5 ሚሊግራም፣ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ማታ ማታ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይሰጣል። ዋጋው ከብልቃጧ ጋር አይወዳደርም። ሦስት ቀን ሆዱ ያልወጣ ሰው ሁለት ጉርሻ በልቶ ጠገብኩ ቢል አይፈረድበትም። ሆዷ ከተነፋ፣ ጋዝ ማውጣት ካቆመችና የምታስታውከው አረንጓዴ ከሆነ ግን ማለስለሻ አይሰጥም፤ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት።

ቀጥሎ አፏን። የስልክ መብራት አብርቶ «አፍሽን ክፈቺልኝ» ማለት ነው። ምላስና ጉንጭ ላይ እንደ እርጎ የረጋ ነጭ ነገር ካለና ሲፋቅ ሥሩ ቀይ ከሆነ ፈንገስ ነው፤ ምግቡ ሁሉ እንደ አመድ የሚላት ለዚህ ይሆናል። ኒስታቲን ጠብታ፣ በሚሊ ሊትር 100,000 ዩኒት ያለው፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር በቀን አራት ጊዜ ከምግብ በኋላ፤ አፍ ውስጥ በደንብ አንከባልሎ መዋጥ ነው። ሰው የሚሳሳተው ወዲያው በመዋጡና በውሃ በማወራረዱ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ነክቶ በመቆየት ነው።

ከዚያ ትውከቱን። ሁለት ጉርሻ በልታ የምትጠግብ ከሆነ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ሜቶክሎፕራሚድ 10 ሚሊግራም ሊረዳት ይችላል። የትናንት ምሳዋን ዛሬ የምታስታውክ ከሆነ ግን የጨጓራዋ መውጫ ጠብቧል ማለት ነው፤ እሷ የሚያስፈልጋት ቀዶ ሐኪም ነው። ይህን የምግብ ፍላጎት ማጣት ብሎ የጻፈ ወረቀት ስንት አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ታይቶም ፍላጎቱ ካልመጣ በመደርደሪያችን ያለ ነገር አለ። ዴክሳሜታዞን በቀን ከ3 እስከ 4 ሚሊግራም፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ምግብ ያስበላል፤ ሲረዝም ግን እሱ ራሱ ጡንቻ ይበላል፣ ስኳር ያነሣል፣ የተደበቀ ቲቢም ይቀሰቅሳል። ኦላንዛፒን ለአእምሮ ሕመም የምናውቀው ነው። በ2023 ሕንድ ውስጥ ኬሞቴራፒ በሚጀምሩ 124 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት 2.5 ሚሊግራም ማታ ማታ ለ12 ሳምንት ሲሰጥ 60 በመቶ የሚሆኑት ከ5 በመቶ በላይ ክብደት ጨመሩ፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት 9 በመቶ ብቻ። ያን ጥናት ካነበብኩ ወዲህ ስለ እጸ ፋርሱ ያለኝ ጉጉት ቀዝቅዟል፤ አልክድም። ሁለቱም በሐኪም ማዘዣ ነው የሚሰጡት።

የብቅል ማንኪያ

አጥሚት እንወዳለን፤ ችግሩ መቅጠኑ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የገብስ ዱቄት በግማሽ ሊትር ውሃ የተፈላ አጥሚት ከ100 ካሎሪ እምብዛም አይበልጥም። 45 ኪሎ የምትመዝን ታማሚ በቀን ከ1,100 እስከ 1,350 ካሎሪ ያስፈልጋታል። በዚህ አጥሚት ለመድረስ ከአምስት ሊትር በላይ መጠጣት አለባት። «ጠዋትም ማታም አጥሚት ትጠጣለች» የሚለው ቤተሰብ አይዋሽም፤ ውሃ ነው የሚያጠጣት።

ያንኑ ዱቄት በ300 ሚሊ ሊትር ወተት አፍልቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና አንድ ማንኪያ ስኳር ቢጨመርበት ወደ 650 ካሎሪ ይሆናል። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በቡና ስኒ፣ በየሁለት ሰዓቱ። በጾም ከሆነ ወተቱ በሱፍ ውሃ፣ ቅቤው በዘይት ይተካል። ግን «አልበላም» የምትለው እናት ጾሟን እየጠበቀች እንዳይሆን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ልጇ «ብዪ» ቢላት አትሰማውም፤ የንስሐ አባቷ «ለታመመ ሰው ተፈቅዷል» ካሏት ትሰማለች። ከማንኛውም ጠብታ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ለመዋጥ ለሚከብዳት አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ የጠላ ብቅል። 100 ግራም የገብስ ዱቄት በግማሽ ሊትር ውሃ ሲፈላ ማንኪያ የሚያቆም ገንፎ ይሆናል። ከእሳት አውርዶ ትንሽ ማብረድ፤ እንፋሎቱ ሳያልቅ፣ ግን መፍላቱ ካቆመ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ብቅል ጨምሮ ማማሰል ነው። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ውስጥ ገንፎው ዓይን እያየ ይቀልጣል፣ ከስኒ የሚጠጣ ይሆናል፤ ካሎሪው እንዳለ ሆኖ። የበቀለው ገብስ ስታርቹን የሚቆርጥ ኢንዛይም ስላለው ነው። እየፈላ ከተጨመረ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ምንም አይሆንም፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ከቀለጠ በኋላ መልሶ ማፍላት ያስፈልጋል፣ ብቅሉ ሻጋታና ጀርም አያጣምና። የሻገተ ብቅል ግን ማፍላት አያድነውም፤ ይጣል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ብዙው የመንዝ ቤት የሚያነደው ኩበት ነው። የታመመች ሴት ምድጃው ካለበት ክፍል ከተኛች ጭሱና የወጡ ሽታ ሆዷን ገና ሳትበላ ይዘጋዋል። ወይ እሷን ወደ ደጅ ፀሐይ ማውጣት፣ ወይ ምግቡን ውጭ ሠርቶ ለብ ሲል ማቅረብ። እንቁላል ከቀረበላት ቀዝቀዝ ብሎ ይሁን፤ አንዱ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ በቀን ሁለቱን ብትጨርስ ትልቅ ነገር ነው።

«በሞቴ» የማይሠራበት ጊዜ

እኛ አገር ያልበላ ሰው ዝም አይባልም። «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን!»፣ «ይቺን ብቻ!» እየተባለ ይጎረሳል። ለእንግዳ ያምራል። ልትሞት ሳምንታት የቀሯት እናት ላይ ግን ጉርሻው ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል፣ ወይም ለልጇ ስትል ውጣ ማታ ታስታውከዋለች። በዚያ ጊዜ ሰውነቱ ምግቡን አይቀበልም፤ የምትሄደው ስላልበላች አይደለም፤ ልትሄድ ስለሆነ ነው የማትበላው። ይህን ለልጅ መንገር ከባድ ነው። ብልቃጥ ገዝቶ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ይህን ያልነገሩት ልጅ ነው።

ያኔ የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው። ራስጌዋን በትራስ ከፍ አድርጎ ግማሽ ቁጭ ማድረግ። ንጹህ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ እየነከሩ በየሰዓቱ ከንፈርና ምላሷን ማርጠብ፤ ከንፈሯ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ወይም ለጋ ቅቤ መቀባት። ከጠየቀች በማንኪያ ጫፍ፣ ካልጠየቀች መተው። የቡና ሽታ ደስ የሚላት ከሆነ ባትጠጣውም አጠገቧ ይፈላላት፤ የሚያስጠላት ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ይፈላ።